«እስከ 35 ኢንች ይፈቀዳል» ተብዬ በዓሣ ቲኬት ተቆረጠብኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በእሱ ጀልባ ከኦሽን ሲቲ ወጥተን 33 ኢንች የሚሆን ሮክፊሽ ያዝኩ። ጓደኛዬ «እስከ 35 ኢንች ይቻላል» ብሎኝ ይዘነው ስንመለስ ፖሊስ ለክቶ ቲኬት ቆረጠብኝ። ሕጉን አላውቅም ነበር። ከፍዬ ልገላገል? የዜግነት ማመልከቻ ላስገባ ነው፤ ይነካኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸህም፤ መረጃው ነው የከረመበት። ሮክፊሽ የምንለው ስትራይፕድ ባስ በውቅያኖስ በኩል ከ28 እስከ 35 ኢንች ይያዝ የነበረው እስከ 2023 ጸደይ ድረስ ነው። በ2022 ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች የያዙት ዓሣ ብዛት በጣም ስላሻቀበ፣ የአትላንቲክ ጠረፍ ስቴቶች የዓሣ ኮሚሽን በግንቦት 2023 በአስቸኳይ ውሳኔ ጣሪያውን ወደ 31 አወረደው። በ2015 የተፈለፈሉት ብዙ ዓሦች ልክ እዚያ መጠን ላይ ደርሰው ነበርና፣ ወደፊት የሚወልዱትን ለማትረፍ ነው። ስለዚህ 33 ኢንች ከጣሪያው በላይ ነው። «ሜሪላንድ ገደቡን ልታላላው ትችል ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትችልም። የኮሚሽኑን ዕቅድ የማያስፈጽም ስቴት ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ዓሣውን ማጥመድ ጭራሽ ሊያግድ ይችላል።

«አላውቅም ነበር» የሚለው ነፃ አያወጣህም። እንዲህ ባለው ጥፋት ሆን ብለህ ማድረግህን ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ዳኛው ፊት ቅጣቱን ሊያቀልልህ ግን ይችላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያልጠየቅኸው ነገር ነው፦ የት ነው የያዝከው? ከባሕር ዳርቻው እስከ 3 የባሕር ማይል ያለው ውኃ የሜሪላንድ ነው። ከዚያ እስከ 200 ማይል ድረስ ደግሞ የፌዴራል ነው፤ እዚያ ስትራይፕድ ባስ ማጥመድ ከ1990 ጀምሮ ክልክል ነው። መጠኑ ቢስተካከልም፣ ይዘህ መልሰህ ብትለቀውም ያው ነው። በቅን ልቦና «እኛማ ራቅ ብለን ነበር የያዝነው» ብለህ ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ብትናገር በራስህ ላይ ሌላ ጉዳይ ልትከፍት ትችላለህ። ጠበቃ ሳታናግር ስለ ቦታው ምንም አትበል። ጓደኛህም የጀልባውን ጂፒኤስ መዝገብ እንዳይነካ ንገረው፤ ማጥፋት ከዓሣው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ወደ ክፍያው ስመጣ፣ አትቸኩል። ቅጣቱን በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ከፍለህ ብትገላገል ጥፋቱን እንዳመንክ ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያ ቲኬቱን አንብብ፦ በክፍያ የሚያልቅ ነው ወይስ የግድ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ? መቅረብ ካለብህ ቀኑን እንዳታሳልፍ፤ በትንሽ ነገር የመያዣ ትእዛዝ የሚወጣበት ሰው ስንቱ ነው።

የዜግነት ቅጹ (ኤን-400) «ታስረህ ታውቃለህ?» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ በማንኛውም ምክንያት በሕግ አስከባሪ ቲኬት ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ ብሎም ይጠይቃል። መልስህ «አዎ» ነው። አንድ የዓሣ ቅጣት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ዜግነት አያስከለክልም፤ መደበቁ ግን ሊያስከለክል ይችላል። ጉዳዩ ሲዘጋ ከፍርድ ቤቱ የውሳኔውን የተረጋገጠ ኮፒ አውጣና ከማመልከቻው ጋር አያይዝ። የምትችል ከሆነም እስኪዘጋ ድረስ ማመልከቻውን አቆየው።

እና ሌላ ጊዜ ፖቶማክ ላይ ልታጠምድ ብትወጣ ይህን የ28–31 መለኪያ ይዘህ አትሂድ። ወንዙ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በጋራ ያቋቋሙት የራሱ ኮሚሽን አለው፤ መጠኑንም ወቅቱንም የሚወስነው እሱ ነው። በወጣህበት ጠዋት ድረ ገጹን ተመልከት።