መልስ፦ በፋሲል ግቢ ሠርግ ለማድረግ ፈቃድ የሚጠየቀው የት ነው?

እህቴ፣ ከጎንደር ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ጀምሪ፤ በር ላይ የመግቢያ ቲኬት መቁረጥ ለሠርግ አይበቃም። በማመልከቻው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእንግዳውን ብዛትና የምትፈልጉትን ቦታ ለይታችሁ ጻፉ። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ ወይም ጄኔሬተር ካለ አትደብቁ። የምትፈልጉት ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነም ይገለጽ፤ ጉዳዩ በጣም ይቀልላል። የጽሑፍ መልሱ እጃችሁ ሳይገባ የጥሪ ካርድ አታሳትሙ።

ግቢው የነገሥታቱ መንበረ መንግሥት የነበረ፣ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ለአስጌጧ አስቀድመሽ ንገሪያት፦ በግንቡ ላይ ምስማር፣ ማጣበቂያ፣ ሻማ የለም። ድንጋዮቹን የያዘው ኖራ አንዴ ከተፈረፈረ እንደነበረ አይመለስም። አበባው በራሱ በሚቆም ማስቀመጫ ይሁን። እኔ ብሆን ሥርዓቱንና ፎቶውን እዚያ አድርጌ፣ ድግሱን ወደ አዳራሽ እወስደው ነበር፤ ወጥና ጠላ ቅርስ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሠርጉን በጥር ብላችኋል፤ ከ10 እስከ 12 ያለውን ተዉት። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ሆቴል አይገኝም፣ የሙሽራ መኪና ፒያሳን ማለፍ ያቅተዋል። ዘመዶቻችሁ ከሩቅ የሚመጡ ከሆነ ወደ ወሩ መጨረሻ ግፉት።