ከጭቃ ሥር የወጡ መንጠቆዎች፦ ስለ ኦዜት ለጠየቃችሁኝ

ኦዜት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ የነበረች የማካ ሕዝብ (የአካባቢው ነባር ተወላጆች) የባሕር ዳር መንደር ናት። የዛሬ 300 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በፊት የጭቃ ናዳ ቤቶቿን ከነዕቃቸው ቀበራቸው። ስለ አጥንት ማጥመጃዎቿ ለጠየቃችሁኝ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ እንዴት ተገኘች?

በ1970 እ.ኤ.አ. የክረምት ማዕበል ዳርቻውን ሸርሽሮ ዕቃዎች ብቅ አሉ። የማካ መሪ ኤድ ክላፕላንሁ ለአርኪዮሎጂስቱ ሪቻርድ ዶኸርቲ ደወሉላቸው። ቁፋሮው እስከ 1981 ቀጠለ፤ ከ55,000 በላይ ዕቃ ወጣ። አካፋ እንጨቱን እንዳይሰብረው ጭቃውን በውሃ ጎማ እያጠቡ ነው ያወጡት።

ጥያቄ፦ የሾለ አጥንት የትም ይገኛል። የኦዜት በምን ይለያል?

በብዙ የባሕር ዳር ቦታዎች የሚቀረው አጥንቱ ብቻ ነው። እንጨቱና ማሰሪያው በስብሷል። ያ ስባሪ የመንጠቆ ሾህ ይሁን፣ ወይስ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ለመያዝ ረጅም እንጨት ላይ የተደረደረ ጥርስ፣ ለብቻው አይናገርም። ኦዜት ላይ እርጥቡ ጭቃ አየር ስላላስገባ እንጨቱም ገመዱም አብሮ ቆየ። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ መንጠቆው እንዴት ይይዛል?

የሃሊበቱን ልንገራችሁ። ሃሊበት ባሕር ወለል ላይ የሚኖር ጠፍጣፋ፣ ትልቅ ዓሣ ነው። እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሰው ያጎብጡታል። ከዚያ አንዱ ክንድ ላይ ወደ ውስጥ የዞረ ስለታም አጥንት በተሰነጠቀ የስፕሩስ ዛፍ ሥር ጥብቅ አድርገው ያስሩበታል። ማባበያው ብዙ ጊዜ ኦክቶፐስ ነው። ሃሊበት ምግቡን ነክሶ ሳይሆን ወደ አፉ ምጎ ነው የሚወስደው። አልመች ብሎት ሊተፋው ሲል አጥንቱ ጉንጩን ይወጋዋል። በክንዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የዓሣውን መጠን ይመርጣል፤ በጣም ትንሹም በጣም ትልቁም ያመልጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ዓሣውን አብጠርጥሮ ያወቀ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ የዕቃዎቹን ሥራ ማን ለየ?

የማካ ሽማግሌዎች ብዙውን አይተው ለይተዋል። ዕቃዎቹም ርቀው አልሄዱም፤ በ1979 ማካዎች በሚኖሩባት ኒያ ቤይ ላይ በተከፈተው በማካዎች በራሳቸው ሙዚየም ናቸው። መሆን ያለበትም እንደዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ?

አለ እንጂ! ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ላይ ጥርስ ያላቸው የአጥንት ጦር ጫፎች ተገኝተዋል። የቱርካና ሐይቅ ከዛሬው እጅግ ሰፊ በነበረበት ዘመን የኖሩ ዓሣ አጥማጆች ሥራ ናቸው።