«ታክቲክ ነው» ይለኛል አባዬ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። እኔ ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ከቡናው በፊት የሚያነሳው ስልኩን ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ፖለቲካ የሚያወራ አንድ የሚከታተለው ሰውዬ አለ፣ እሱ ላይቭ ሲገባ ቤቱ እንደ ቅዳሴ ዝም ማለት አለበት። ሰውየው ከፋሲካ በፊት መንግስት ይለወጣል አለ፣ ፋሲካ አለፈ። ከክረምት በፊት አለ፣ ይኸው ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን የድሮውን ቪዲዮ ፈልጌ ከፈትኩለትና «አባዬ ይኸው፣ በራሱ አፍ» ስለው መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠረገና «ልጄ ይሄ ታክቲክ ነው፣ አንቺ አይገባሽም» አለኝ፣ ከዛ ሶስት ቀን አኮረፈኝ። እናቴ በህይወት እያለች ስትነግረኝ በ97 ምርጫ ሌሊት ወጥቶ የተሰለፈ፣ ጋዜጣ ሳያነብ ምሳ የማይበላ ሰው ነበር። አሁን የእድር ጓደኞቹ ግማሾቹ ሰፈሩ ሲነሳ ተበታትነዋል፣ ቀኑን ሙሉ ከሰውየው ጋር ነው፣ አባዬ ኮሜንት ሲጽፍለት ሰውየው ስሙን ጠርቶ «አባታችን እንኳን ደህና መጡ» ይለዋል፣ ያን ቀን ፊቱ በርቶ ይውላል። እየተዋሸ ያለ ሰው እንዴት የሚዋሸውን ሰው ይከላከላል? ፖለቲከኛስ ሲዋሽ ተይዞ ለምን ደጋፊ አይሸሸውም? እኔስ ምን ላርግ?
ልጅቷ ነኝ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ

መልስ፦ እህቴ፣ «ታክቲክ ነው» የምትለዋ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዛ ደሞ አፈርኩ፣ ምክንያቱም ቃሏን አውቃታለሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 እኔም እንደ አባትሽ ሌሊት ወጥቼ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩ እናት ዱካ ተሸክመው መጥተው ነጋ ሲል ከነጠላቸው ጫፍ ዳቦ ፈተው ለሁላችን ቆርሰው አደሉን። ከወራት በኋላ ታዲያ ድምጼን የሰጠሁት ሰው ትናንት ያለውን ዛሬ ሲክድ በሬዲዮ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፣ ጓደኛዬ «እሺ አሁንስ?» ሲለኝ ምንም ሳላስብ «ስትራቴጂ ነው» አልኩት። አየሽ፣ እኔ ጋ ስትራቴጂ ነበር፣ አባትሽ ጋ ታክቲክ ሆነ፣ ሁለቱም የውትድርና ቃል ነው፣ ሁለታችንም ደሞ ጠመንጃ የያዝን ሰዎች አይደለንም። ሰውየው ዋሸ ብዬ ባምን ያ ሌሊት፣ ያ ሰልፍ፣ የዛች እናት ዳቦ ሁሉ የሞኝ ስራ ሊሆንብኝ ነው፣ እሱን መዋጥ አቃተኝ፣ ውሸቱን መዋጥ ቀለለኝ።

ከደብዳቤሽ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት ስሙን ይጠራዋል ያልሽውን ነው። አንቺ አባትሽ ዜና የሚከታተሉ መስሎሽ ዜናው ስህተት መሆኑን በማስረጃ ታሳያቸዋለሽ፣ እሳቸው ግን ሰላምታ ነው የሚከታተሉት። የእድር ጓደኛ በሌለበት፣ ሚስት በሌለችበት ቤት ውስጥ በቀን አንዴ «አባታችን» ብሎ በስም የሚጠራ ሰው ፋሲካን ቢሳሳት ምን ይጎዳቸዋል? ያንን ሰው ውሸታም ነው ማለት ነገ ጠዋት ማን ደህና አደሩ ይለኛል ማለት ነው። ይሄንን የተረዳ ፖለቲከኛ ሲዋሽ ቢያዝ ላብ አያልበውም፣ ወገኖቼን ሊያዋርዱ ነው የተነሱት ይላል፣ አለቀ፣ ነገሩ ከእውነትና ከውሸት ወጥቶ የኛና የነሱ ይሆናል።

ደሞ ይሄ የኛ በሽታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ነሐሴ 1966፣ ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ወር ሲቀራቸው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ጉዳይ፣ የምርጫ ዘመቻው ሰዎች የተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ገብተው በተያዙበት ጉድ ማለት ነው፣ ስልጣን ለቀቀ። ጉዱን በመሸፋፈኑ የለሁበትም ሲል ሁለት ዓመት ከርሞ፣ ሊለቅ ቀናት ሲቀሩት የወጣው ቴፕ ላይ የኤፍቢአይን ምርመራ የማስቆሙን ሃሳብ ሲቀበል የገዛ ድምጹ ይሰማል። በዛው ሰሞን፣ ሁለት ዓመት ጉዱ ሲወራ ከከረመ በኋላ እንኳ፣ ጋሉፕ የሚባለው የህዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት መጠይቅ ላይ ከመቶ 24ቱ ስራውን እንደግፋለን ብለዋል፣ ካራት ሰው አንዱ ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ጉድ ሰምቶ! ቅርብ ጊዜ ብንመጣ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የዶናልድ ትራምፕን የመጀመሪያ አራት ዓመት እየተከታተለ 30,573 ሀሰት ወይም አሳሳች ንግግር ቆጥሮበታል። በፈረንጅ 2016 ሲመረጥ 63 ሚሊዮን ገደማ ድምጽ ያገኘ ሰውዬ በ2020 ሲሸነፍ 74 ሚሊዮን፣ በ2024 ሲመለስ 77 ሚሊዮን አገኘ። ቆጠራው ጥሩ ስራ ነው፣ አልክድም፣ ግን ደጋፊው ቆጣሪውን ድሮም አያምነውም፣ ስለዚ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር «እንዴት ቢጠሉት ነው!» ነው የሚለው። አንቺ ቪዲዮውን ስትከፍቺ አባትሽ ፊት የተቀመጥሽው እንደ ቆጣሪዋ ሆነሽ ነው።

ሚዲያው ላይ ልምጣ፣ እሱ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ስራ ፈላጊ በነበርኩበት ጊዜ አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አካባቢ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ እንከራይ ነበር። ሳንቲም ትሰጪያለሽ፣ አከራዩ ሰዓቱን ያያል፣ መጀመሪያ ክፍት የስራ ቦታ ታያለሽ፣ ስራ የለም፣ ከዛ ፖለቲካውን ታነቢያለሽ። አንዷ ቅጂ በቀን ስንት እጅ እንደምትዞር እሱና እግዜር ናቸው የሚያውቁት፣ ማታ ላይ ጠርዟ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። ጋዜጦቹ ንጹህ ነበሩ እንዳትይኝ፣ በ1985 የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት ጋዜጦች መሃል ወሬ እያመረቱ የሚሸጡ ነበሩ፣ ጥሩዎቹም መጥፎዎቹም ብዙዎቹ ከ97 በኋላ ተዘጉ፣ አዘጋጆቻቸውም ታሰሩ ተሰደዱ። ግን ድንጋዩ ላይ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ያንኑ ገጽ እያነበበ «ኧረ ይሄማ ውሸት ነው፣ እኔ እዛው ነበርኩ» ይልሽ ነበር። በማታውቂው ሰው መታረም አያሳፍርም፣ አከራዩ «ሰዓት!» ሲል ተነስታችሁ ትለያያላችሁ። አባትሽ ስልካቸውን ሲከፍቱ አጠገባቸው ማንም የለም፣ ካለም ያው እንደሳቸው የሚያስብ ኮሜንት ጸሐፊ ነው፣ አልጎሪዝሙ የሚያመጣላቸውም ትናንት የወደዱትን ነው።

ሰውየው ለምን ያን ያህል ያንዛዛል ብለሽም ታውቂ ይሆናል፣ ሰላምታ፣ የሰብስክራይብ ልመና፣ «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» ምናምን። ዩቲዩብ መሃል ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባው ከስምንት ደቂቃ ለሚበልጥ ቪዲዮ ነው፣ የሁለት ደቂቃ ወሬ አስር ደቂቃ የሚሆነው ለዛ ነው። ፋሲካ ላይ ይሆናል ያለው ነገር ሳይሆን ሲቀር ሰውየው አይከስርም፣ እንደውም «ለምን ዘገየ» የሚል ሌላ ቪዲዮ ይሰራበታል። የድሮ ጋዜጣ አዘጋጅ ውሸት ሲጽፍ ቢያንስ የወረቀቱ ዋጋ ያሳስበው ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? አሁን ማን ያሳድረዋል፣ ሳያድር ሌላ ሰበር ዜና ይመጣል። በፈረንጅ 2018 ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ የዞሩ 126 ሺህ ገደማ ወሬዎችን አጥንተው ውሸቱ ሼር የመደረግ እድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ ይበልጣል፣ እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል አሉ። ጥፋተኛው በራሱ የሚለጥፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው ብለው ሲፈትሹ ደሞ ባብዛኛው የሚያሰራጨው ሰው ሆኖ አገኙት፣ ውሸት አዲስ ስለሚመስል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ፣ አባትሽን ለማረም ስትነሺ ውሸት ሁልጊዜ የፈጠራ ወሬ ይመስልሻል፣ አይደለም። የወሎን ረሃብ ታውቂያለሽ፣ መንግስት ደብቆት ነበር። ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ጉድ አለ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በዘመን መለወጫ ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፣ ግን በረሃብ በሚያልቀው ህዝብ መሃል መሃል የቤተ መንግስት ግብዣና ድግስ ቆርጦ እያስገባ። በነጋታው ጃንሆይ ወረዱ። ረሃቡም እውነት፣ ድግሱም እውነት፣ መደበቁም እውነት፣ ያንን ማታ የሰራው ግን መቀሱ ነው። ያን ፊልም አይተው ያለቀሱ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ፣ እንባቸው ትክክል ነበር፣ እንባው የት እንደሚወስዳቸው ግን ያወቀው ቆራጩ ነው። ዛሬ ያ መቀስ ኪስሽ ውስጥ አለ፣ ካንድ ሰዓት ንግግር ሃያ ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ለአስራ ሶስት ዓመት ልጅ የምሳ እረፍት ስራ ነው።

ምን ላርግ ላልሽኝ። በመጀመሪያ ደግመሽ ቪዲዮ እንዳትከፍቺ። በማስረጃ የተሸነፈ አባት ቤት ውስጥ አለ ማለት ሶስት ቀን ኩርፊያ ነው፣ አይተሽዋል። ይልቅ ቡና አፍልተሽ ላይቩን አብረሽ ስሚ፣ ሳትስቂ። ሰውየው «እስከ እንቁጣጣሽ» ሲል «አባዬ ይቺን እንጻፋት እንዴ?» በይና ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር እሳቸው ራሳቸው በራሳቸው እስክሪብቶ እንዲጽፉ አድርጊ። ቀኑ ሲደርስ ምንም አትበይ፣ ካሌንደሩ ይበቃል። እኔ ይሄን ካንድ ዘመዴ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ለአምስተኛ ጊዜ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ተነስቶ እስክሪብቶውን አነሳና ሰርዞ «እንግዲህ ይሄ ልጅ...» ብሎ ዝም አለ። መከታተሉን ተወ? አልተወም። ግን መጻፉን ቀጠለ፣ ድምጹንም ቀነሰው።

ሌላው ደሞ የተበተኑትን የእድር ሰዎች ስልክ ፈልጊ። በወር አንድ እሁድ ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ቤት ቢገናኙ፣ ትራንስፖርቱን አንቺ ቻይው፣ ከየትኛውም ፋክት ቼክ ይሻላል፣ ምክንያቱም እዛ ጠረጴዛ ላይ «አባታችን» ሳይሆን ድሮ ሰፈር ውስጥ በሚጠሩበት ቅጽል ስም የሚጠራቸውና «ተወና ባክህ፣ እሱ ሰውዬ ይቀደዳል» የሚላቸው ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የኛ አገር መራጭ ለፓርቲው ታማኝ ነው ይባላል፣ እውነት ነው? ከካዛንቺስ

መልስ፦ አዲስ አበባን ብቻ እይልኝ። በ97 የከተማዋ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። በ2002 እዚሁ ከተማ ለፓርላማ ኢሕአዴግ ካንድ መቀመጫ በስተቀር ሁሉንም ወሰደ፣ ባገር ደረጃ ከነአጋሮቹ ከ547 545ቱን፣ በ2007 ደሞ 547ቱንም። ከዛ በ2012 ኢሕአዴግ የሚባለው ፓርቲ ራሱ ጠፋ፣ አንድ መራጭ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲያለቅስለት አላየሁም። አምስት ዓመት ውስጥ እንደዛ የሚገለበጥ ቁጥር ላይ ታማኝነት የሚል ስም መለጠፍ ይከብደኛል። ከፊሉ ተስፋ መቁረጥ፣ ከፊሉ ፍርሃት፣ ከፊሉ የቀበሌ ጉዳይ ያለበት ሰው ስሌት ነው፣ ስሌቱን ደሞ አልንቀውም። ታማኝ ደጋፊ የምናየው አሁን ስልክ ላይ ነው፣ እሱም ለፓርቲ ሳይሆን ለሰው።

ጥያቄ፦ የቪኦኤ አማርኛ ምሽት ምሽት ከአያቴ ጋር ነበር የምንሰማው፣ ባንዴ ዝም ሲል አያቴ ሬዲዮው ተበላሸ ብለው ባትሪ ሶስቴ አስቀየሩኝ። ምን ሆኖ ነው? ከሜክሲኮ

መልስ፦ ሬዲዮው ደህና ነው፣ ለአያትህ ንገራቸው። መጋቢት 2017 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቪኦኤን የሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት እንዲቀነስ ትዕዛዝ ፈረሙ፣ በማግስቱ ከአንድ ሺህ በላይ ሰራተኞች እረፍት ውጡ ተባሉ፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ሲሰማ የነበረው የአማርኛው ድምጽም አብሮ ተቋረጠ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ብዙ ተጎትቷል። አያትህ ባትሪውን የቀየሩት ግን በከንቱ አይደለም፣ ድሮም የውጭ ጣቢያ ሲታፈን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነበር። እስከዛው ሌላ ጣቢያ ፈልግላቸው፣ ስልክ አትስጣቸው።