ዕድሜና ጎል፦ የሆኪ መረጃ ተንታኝ መሆን ለምትፈልግ ተማሪ

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ የስታትስቲክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው ሊግ) አይስ ሆኪ ተጫዋቾች በየዕድሜያቸው ያገኙትን ነጥብ (ጎልና አሲስት፣ ማለትም ለጎል የበቃ ቅብብል) አማካይ ብሠራ ከ24 እስከ 38 ዓመት ብዙም አይለወጥም። ይህን ሥራ ይዤ ለክለቦች ላመልክት?

መልስ፦ እህታችን፣ አሁን ባለበት ሁኔታ አታመልክቺበት። ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ክለቦች በየዓመቱ ገንዘብ የሚያወጡበት ጥያቄ ነው። ግራፉ ግን የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ በሙያው ያለ ሰው ደግሞ ገና ሲያየው ያውቀዋል።

በ38 ዓመት ሊጉ ውስጥ የቀረው ማን እንደሆነ እስቲ አስቢ። እንደ ያሮሚር ያግር ያሉት ናቸው፤ እሱ በ2015-16 የውድድር ዘመን፣ 44 ዓመት በሞላው ዓመት፣ 66 ነጥብ አግኝቷል። በ31 እና በ32 ዓመታቸው ፍጥነት አጥተው ውል ያላገኙት ብዙዎቹ ከመረጃሽ ወጥተዋል። የ24ቱ አማካይ የሁሉም፣ የ38ቱ የምርጦቹ ብቻ ሆነና መስመሩ ሳይወርድ ቀረ። ለአጥቂዎች የነጥብ ጣሪያው ከ24 እስከ 28 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከ30 በኋላ ቁልቁለቱ ግልጽ ነው።

ስለዚህ አንድን ተጫዋች ከራሱ ጋር አወዳድሪው። በ29 ዓመቱ 1,200 ደቂቃ ተጫውቶ 48 ነጥብ ያገኘ ሰው በ60 ደቂቃ 2.4 ይሆናል። በ30 ዓመቱ በ1,000 ደቂቃ 35 ካገኘ 2.1 ነው። ልዩነቱ -0.3፤ በአማካዩ ውስጥ የምትሰጪው ክብደትም ከሁለቱ የደቂቃ ቁጥሮች ያነሰው፣ ማለትም 1,000 ደቂቃ። ይህን ለሁሉም ሠርተሽ ከ29 ወደ 30 የሄዱትን ሁሉ በክብደታቸው አማካይ አውጪ፤ ከዚያ የየዕድሜውን ለውጥ ተራ በተራ ደምሪው።

ይህም ቢሆን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚለይሽም እዚህ ነው። በ33 ዓመቱ ዕድል የከዳው ተጫዋች ውል ስለማያገኝ በ34 የሚያገግምበት ዕድል አይኖረውም። በዚያው ዓመት ዕድል የቀናው ግን ይቀጥላል፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ቁልቁለቱም ከእውነተኛው የበለጠ ይመስላል። ለወጡት ተጫዋቾች ካለፉት ሦስት ዓመታቸው ግምት ሠርተሽ አስገቢና ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አሳዪ።

ጥሬ ነጥብ አትጠቀሚ። ጎርዲ ሃው በ1952-53፣ በ24 ዓመቱ፣ 95 ነጥብ ነበረው፤ በ1968-69 ደግሞ በ40 ዓመቱ 103። በጥሬው ካየሽው በ40 ዓመቱ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው በ70 ጨዋታ፣ ሁለተኛው በ76 ነው፤ ሲካፈል ሁለቱም 1.36 ናቸው። በዚያ ላይ ሊጉ በ1967 ከ6 ክለብ ወደ 12 አድጎ ነበርና ሁለቱ ዓመታት በቀጥታ አይወዳደሩም። የእያንዳንዱን ዓመት ነጥብ በዚያ ዓመት የሊጉ አማካይ ጎል አካፍዪው።

ዕድሜንም ዓመት ከዓመት በመቀነስ አታስሊ። አሌክሳንደር ኦቬችኪን የዌይን ግሬትስኪን የጎል ክብረ ወሰን የሰበረባትን 895ኛ ጎል ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ሲያስቆጥር 39 ዓመቱ ነበር፤ የተወለደው በሴፕቴምበር 1985 በመሆኑ ቅነሳው 40 ይልሻል። ዕድሜ የሚቆጠርበት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ጃንዋሪ 31ን፣ ለሁሉም ወስኚ።

ፓወር ፕሌይን፣ ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት ያለውን ጨዋታ፣ ለይተሽ አስቀምጪ፤ አንጋፋ አጥቂ ነጥቡን ይዞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ አሰልጣኙ እዚያ ስለሚያሰልፈው ነው። ናቹራል ስታት ትሪክ በተባለው የሆኪ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ከ2007-08 ጀምሮ ተለይቶ ታገኚዋለሽ።

የኤንኤችኤል ክለቦች 32 ብቻ ናቸው፤ ክፍት ቦታ ብርቅ ነው። መጀመሪያ የራስሽን ዩኒቨርሲቲ የሆኪ ቡድን አሰልጣኝ አነጋግሪ፣ ከዚያ የኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ (የወጣቶች ሊግ) ክለቦችን። የምትልኪው ሁለት ገጽ ይሁን፦ አንድ ግራፍ፣ ከሥሩ በየዕድሜው ስንት ተጫዋች እንዳለ፣ የፓይተን ኮዱም በጊትሃብ ድረ ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይስጥ፦ 29 ዓመት የሞላው አጥቂ የ7 ዓመት ውል ቢጠይቅ፣ በየዓመቱ ስንት ነጥብ ይጠበቅበታል? ውላቸው ያበቃ ተጫዋቾች ገበያ ጁላይ 1 ስለሚከፈት፣ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብለሽ ላኪው።