ጥፍሯን ከመብላት በቀር አመል የሌላት ልጅ

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። ወንዱ 7 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። ያስቸገረኝ እሱ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ የቤት ሥራ ሲባል መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል፣ እርሳሱን ይወረውራል። ከሥራ የምገባው ማታ 1 ሰዓት ነው፤ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጩኸቱን ይጀምራል። አንዳንዴ እመታዋለሁ፣ ከዚያ ስጸጸት አድራለሁ። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ደህና ነው ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይለኛል። ሦስት ዓመት አብራን የኖረችው ሠራተኛችን ለዘመን መለወጫ አገሯ ሄዳ ቀረች፤ ሌላ እስካሁን አላገኘንም። ደግነቱ ሴቷ አለች። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ከእኔ ጋር ትነሳለች፤ ወንድሟን ታለብሳለች፣ ምሳ ዕቃቸውን ታሰናዳለች። ማታም እስከ 4 ሰዓት አብራው ቁጭ ብላ ታስጠናዋለች። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ «እሱን ማን ይይዘዋል» ብላ አበባየሁሽ እንኳ ሳትወጣ ቤት ዋለች። ጥፍሯን ከመብላት በቀር ክፉ አመል የላትም። የትምህርት ቤት ዕቃ ስንገዛ «የእኔ ቦርሳ ገና ነው፣ ለእሱ ግዙለት» ያለች ልጅ ናት። በቀደም ደግሞ «እማ፣ ደሞዝሽ መቼ ነው የሚገባው?» ብላ አሳቀችኝ። «አንቺ እኮ እናቴ ነሽ» ነው የምላት። እኔም በእሷ ዕድሜ ቤቱን ሙሉ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ደክሞኛል ብዬ ለሰው ነግሬም አላውቅም። ልጄ ትኩረት የማጣት ችግር ይኖርበት ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስልዎ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ ያልወጣ ሌላ ነገር ስላለ ግን እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ በደብዳቤ አይለይም። ልጁን ፊት ለፊት የሚያይ ባለሙያ እንኳ ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር መቆየታቸውን፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየታቸውን ሳያረጋግጥ አይወስንም። የእርስዎ ልጅ ክፍል ውስጥ ደህና ነው፤ ነገሩ የጀመረውም መስከረም ላይ ነው። አንደኛ ክፍል ገብቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የ7 ዓመት ልጅ ማታ እርሳስ ቢወረውር አይገርመኝም። በዚያ ላይ ሰው አጥቷል። ለእናንተ ሠራተኛ የነበረችው ልጅ ለእሱ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያጎረሰችው፣ ያጠበችው፣ ከሰርቪስ የተቀበለችው ሰው ሳትሆን አትቀርም። ደህና ሁን ብላው ትሂድ አትሂድ፣ እንደማትመለስ የነገረው ሰው ይኑር አይኑር ደብዳቤዎ አይልም። ካልተነገረው ይንገሩት፤ ናፍቃው እንደሆነም ይጠይቁት። ለእሱ ይህን ያህል ለጊዜው ይበቃል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ።

ወላጆች ወደ እኔ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ይዘው የሚገቡት የሚያስቸግረውን ልጅ ነው። የማያስቸግረው ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ የታናሹን ጃኬት ታቅፎ ይጠብቃል። ደብዳቤዎንም ሳነብ እንዲሁ ሆነብኝ። ልጅቷ በደብዳቤው ውስጥ የገባችው «ደግነቱ» በሚል ቃል ነው። ስለ እሷ የጻፉልኝ አንዱም እንደ ችግር አልተጻፈም። እኔ ግን ደግሜ ደጋግሜ የተመለስኩት ወደ እሷ ነው።

አብረን እንቁጠር። ማታ 4 ሰዓት ተኝታ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ከተነሳች የምትተኛው 7 ሰዓት ተኩል ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ያውም በዚህ በጥቅምት ብርድ፣ ገና ሳይነጋ። እሷም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የራሷ የቤት ሥራ አላት። መቼ እንደምትሠራው፣ ማን እንደሚያይላት ደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ልጅ ሥራ አይሥራ እያልኩ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። አገራችን ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ ጥጃ ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ታናሹን ያዝላል። ሥራ በራሱ ልጅን አይጎዳም፤ እንዲያውም ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃው እሱ ነው። ከቤተሰብ ሕክምና ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆኑት ሳልቫዶር ሚኑቺን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ከድሃ ቤተሰቦች ጋር ሲሠሩ ታናናሾቹን የሚያሳድግ «ወላጅ ልጅ» በብዙ ቤት አይተዋል። ያንንም እንደ በሽታ አልቆጠሩትም። ኃላፊነቱ በግልጽ የተሰጠ፣ ከአቅሙ በላይ ያልሆነ፣ ከበላዩም ወላጅ ወላጅ ሆኖ የቆመ ከሆነ ልጁ ይበረታበታል። ማንም ሳይሰጠው ዝም ብሎ ትከሻው ላይ ሲወድቅ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እናንተ ቤት የሆነው ይህ ይመስለኛል። ሠራተኛዋ ቀረች፤ ቦታዋ ባዶ ሆነ፤ አንድ ጠዋት ልጅቷ ቀድማ ተነሳች። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ትሠሪያለሽ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ» ያላት ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሥራው መጨረሻ የለውም። ጥጃ ጠባቂው ማታ ጥጃውን በረት ሲያስገባ ሥራው ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። የእርስዎ ልጅ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሥራዋ ከባዱ ክፍል ገና መጀመሩ ነው። ግምቴ ነው፣ እርስዎ ያረጋግጡት፦ የወንድሟን የቤት ሥራ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ልትጨርስለት የምትሮጥ ይመስለኛል፤ እንዳይጮህ፣ እርስዎም እንዳይመቱት። እሱን ሲመቱት እኮ እሷም እዚያው ናት። ጥፍሯን የምትበላው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ሳይነግሯት ለጥቂት ቀናት ይመልከቱ። የበሩ ቁልፍ ሲሰማ ከሆነ ነገሩ አመል አይደለም።

ከሥራው በላይ ያሳሰበኝ ደግሞ ያቺ የሳቁባት ጥያቄ ናት። የ9 ዓመት ልጅ ደሞዝ የሚገባበትን ቀን የምትጠይቀው እየቆጠረች ስለሆነ ነው። መስከረም በብዙ ቤት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ከበዓል ወጪ ጋር ተደራርበው የሚመጡበት ወር ነው። እናንተ ሳሎን ውስጥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስታወሩ ልጆች አይሰሙም ብላችሁ ይሆናል። እሷ ሰምታለች። ሰምታም የድርሻዋን ከፍላለች፤ ቦርሳዋን ተወች። አበባየሁሽንም ተወች። ምሳ ዕቃ የምታሰናዳ ልጅ እጇ ነው የሚደክመው፤ ቢበዛ ተኝታ ይለቃታል። የቤቱን ጭንቀት የተሸከመች ልጅ ግን የምታርፍበት ሰዓት የለም፤ መሸከሟን የሚያይላትም የለም። የምታስቸግረው ነገር ስለሌለ ሁሉም «ጨዋ ልጅ» ይላታል። በተመሰገነች ቁጥር ደግሞ አንድ ትምህርት ትወስዳለች፤ ምንም ሳልፈልግ ስቀር ነው የምወደደው የሚል።

«አንቺ እኮ እናቴ ነሽ» ይሏታል። በአማርኛ ልጅን «እናቴ»፣ «አባቴ»፣ «እማዬ» ብሎ መጥራት ከማቆላመጫዎቻችን ሁሉ ለእኔ ጣፋጩ ነው። ፍቅር ሲሞላን ዝምድናው ይገለበጥብናል። አብዛኛው ልጅ ሲባል ደስ የሚለው ቃሉን ተከትሎ ስለሚታቀፍ ነው፤ «እናቴ» በተባለበት ቅጽበት ነው ይበልጥ ልጅ የሚሆነው። የእርስዎ ልጅ ግን «እናቴ» ከተባለች በኋላ ተነስታ ምሳ ዕቃ ታጥባለች። ለእሷ ቃሉ የሥራ መደብ ሆኖባታል ብዬ እሰጋለሁ። ወንድሟ በጩኸቱ በየምሽቱ እርስዎን ያገኛል፤ ቁጣም ቢሆን፣ ዱላም ቢሆን ዓይንዎ እሱ ላይ ነው። እሷስ እናቷን በምን ታገኛለች?

ቀጥሎ የምለው ቅር ያሰኝዎት ይሆናል። «እኔም በእሷ ዕድሜ ቤቱን ሙሉ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ምንም አልሆንኩም» ብለው ጽፈዋል። ወዲያው ተከትሎ ያለው ዓረፍተ ነገር «ደክሞኛል ብዬ ለሰው ነግሬም አላውቅም» ይላል። እርስዎ ሁለቱን አላገናኟቸውም። ለእኔ ግን አንድ ነገር ናቸው። ምንም ያልሆነ ሰው ሲደክመው «ደክሞኛል» ይላል። ሠራተኛ የለም፤ ከንጋት 11 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ ላይ ታች ይላሉ፤ በዚያ ላይ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይባላሉ። ደብዳቤው ውስጥ ግን ባለቤትዎን «አግዘኝ» ያሉበት አንድ መስመር የለም። ልጅቷ ስትነሳ አባቷ የት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩም አልተጻፈም። የ9 ዓመት ልጅ ቀስቅሶ ጎልማሳን ማስተኛት ለምን ቀላል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ ዝም ብላ የምትነሳ ሴት ልጅ ነበሩና። ያኔ፣ በዚያ ዕድሜዎ፣ መድከምዎን ያየ ሰው ነበር?

ይህን ያነሳሁት ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ልጅዎ ዝምታን ከአየር አላመጣችውም። በየቀኑ አጠገቧ ሆና ከምታያት፣ ከምትወዳትና ልታሳርፋት ከምትፈልጋት ሴት ነው የወረሰችው።

ምን ያድርጉ? ከሩቅ ሆኖ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ለእናንተ ቤት የሚሆነውን መርጠው ይውሰዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን አይንጠቋት፤ የተባረረች ይመስላታል። ከጠዋቱ መጀመር ይሻል ይመስለኛል። ወንድሟን ማልበስ ከሰኞ ጀምሮ የአባቱ ሥራ ይሁን፤ እሷ አንድ ሰዓት ጨምራ ትተኛ። ማታም ከ3 ሰዓት ሳያልፍ ትተኛ። ለእሱ አስተማሪ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ይጻፉላት፤ ማታ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ያልጨረሰውን ሳይጨርስ እንደሚመጣ ያሳውቋት። አብዛኛው አስተማሪ ይረዳል። ጥፍሯን ስለመብላቷ አይቆጧት፤ ጣቷ ላይ ቃሪያ ወይም ሬት አይቀቡባት። ስለ ደሞዙ ደግማ ከጠየቀች አይሳቁ፤ «የገንዘቡ ነገር የእኔና የአባትሽ ሥራ ነው፣ እየሠራነው ነው፤ አንቺ ከመቁጠር እረፊ» ይበሏት። አንዴ ብቻ ብለውት ላታምንዎ ትችላለች።

ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ሰዓት ለብቻዋ ይስጧት። ገበያ አብራችሁ መሄድ አይቆጠርም። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት «ምንም» ማለቷ አይቀርም። ያኔ አይቸኩሉ፣ ዝም ብለው ይጠብቋት። ምናልባት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ነገር ትጠይቅ ይሆናል፤ ምናልባትም ታኩርፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ከወንድሟ ጋር ትጣላለች። «ደህና የነበረችውም ተበላሸች» እንዳይሉ፤ እኔ ብሆን ደስ ይለኛል። እናቷ ብትደክምባትም እንደማትተዋት እየፈተነች ነው።

ጥፍር መብላቷ ከባሰ፣ ራስ ምታት ወይም ሆድ ቁርጠት ከጀመራት፣ ወይም እስከ ገና ድረስ ምንም ለውጥ ካላዩ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለው ከእሱ ይጀምሩ፤ ከሌለው ከልጆች ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ በአካል ይሂዱ። ሲሄዱ ባለቤትዎም ይምጡ፤ እሷንም ውጭ አያስቀምጧት። ለብቻዎ መሄድ ከፈለጉም ይሂዱ። ስለራስዎ የጻፉልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጭ ብሎ በሚሰማዎት ሰው ፊት ብዙ ይወጣዋል ብዬ አስባለሁ።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ዛሬ ማታ ከተኛች በኋላ ያን «ገና ነው» ያለችውን ቦርሳ አንስተው ይዩት። ዚፑን ይሳቡት፣ ማንገቻውን ይዩ፣ ታቹን በእጅዎ ይዳብሱት።