ሻፍት ያለው ሞተር ለያዛችሁ፦ የክረምት መግቢያ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ ካቴና ለሌላቸው፣ የኋላ ጎማቸው በሻፍት፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ኋላ በሚያደርስ የብረት ዘንግ፣ ለሚዞር ሞተሮች ነው። ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎና ከገላን የመጡትን ጥያቄዎች እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

አሮጌ ቢኤምደብልዩ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ሻፍት ስለሆነ አትነካካው» አለኝ። እውነት ነው? (ሱሉልታ)

አይደለም ወንድሜ። ካቴና ሲላላ ይንኳኳል፣ ሲደርቅ ይጮሃል፣ በዓይንም ይታያል። ሻፍት ግን ተሸፍኖ ነው የሚያልቀው። ከካምቢዮ የሚወጣው ኃይል በክሮቼራ (ሻፍቱን እየታጠፈ እንዲዞር በሚያደርገው መስቀለኛ መገጣጠሚያ) በኩል አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎማው ጋ ሲደርስ ሁለት ማርሾች አቅጣጫውን ቀይረው ለጎማው ያስረክባሉ። እነዚህን ማርሾች የሚያኖራቸው ጥቂት ዘይት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ያቺ ዘይት ስትበላሽ ማንም አያይም። ቢኤምደብልዩ ራሱ በውኃ በሚቀዘቅዙት ባለ 1200 እና ባለ 1250 «ጂኤስ» የሚባሉት ሞተሮቹ ላይ ሻፍቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር አዟል። ሠሪው እንዲህ ካለ፣ «አትነካካው» የሚለውን ምክር እርሳው።

ምን ዓይነት ዘይት ልጨምር? (ለገጣፎ)

የሞተር ዘይት አይሆንም። ጂኤል-5 (GL-5) የሚል የተጻፈበት የማርሽ ዘይት ግዢ። ውፍረቱ በአብዛኛው 75ደብልዩ-90 (75W-90) ወይም 80ደብልዩ-90 (80W-90) ነው፤ የሞተርሽ መጽሐፍ የሚለውን አስቀድሚ። ትንሽ ነድተሽ ዘይቱ ሞቅ ሲል አፍስሺ። አንዳንዱ ሞተር እስከ መሙያው አፍ ይሞላል፣ አንዳንዱ ተለክቶ ብቻ ነው የሚጨመርለት። «ትንሽ ይብዛለት» ማለት አይሠራም። የበዛ ዘይት ሲሞቅ በኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ በሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) በኩል መውጫ ይፈልጋል።

የፈሰሰው ዘይት ወተት መስሏል። ማፍሰሻው ቡሎን ላይም ጥቁር ጭቃ ነገር አለ። ልስጋ? (ሰበታ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ዘይቱን ሳያየው ስለሚደፋው ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አፍስሰህ ብርሃን ላይ እየው። ማግኔት ያለው ቡሎን ላይ የሚለጠፍ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት የሚለሰልስ ጥቁር ነገር የተለመደ ነው። በጣትህ መሃል የሚቧጥጥ ስባሪ ብረት ካገኘህ ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት) እየተፈረፈረ ነው። ያን ሞተር ሳይከፈትና ሳይታይ አትንዳው። ኩሽኔታው ቢነክስ የኋላ ጎማው እየሄድክ ሊቆም ይችላል።

ወተት የመሰለው ውኃ ገብቶበት ነው። በእኛ ሰፈሮች ዋናው ጠላት ይሄ ነው። ከአስፋልት ወርደህ ኮረኮንቹን ስትጨርስ የኋላው የማርሽ ቤት ግሏል። ከዚያ ጎርፍ ውስጥ ስትገባ ውስጡ ያለው አየር ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ በደከመ ኦይል ሲል ወይም በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱን አሁኑኑ ቀይር። ጥቂት ቀን ነድተህ እንደገና አፍስሰህ እየው። ዳግም ወተት ከሆነ ኦይል ሲሉ ይቀየር። ላቫጆ ስትወስደውም ልጆቹ ፕሬሸሩን ሻፍቱ ላይ ያለው ላስቲክና የጎማው መሃል ላይ እንዳያነጣጥሩ ንገራቸው።

ጋራዥ ሳልሄድ ምን መፈተሽ እችላለሁ? (ሰበታ፣ ሌላ ሰው)

ብዙ ነገር። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁም፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ። የኋላ ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ወዝውዘው። ከዚያ ግራና ቀኝ። የሚንቀጫቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው ይታይ። አሁን ማርሽ አስገባና ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ አዙረው። ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል፤ ማርሾቹ ሲገጠሙ የሚተውላቸው ነው። የሚያስፈራው ክፍተቱ ካለፈው ጊዜ ሲሰፋ ወይም «ቋ» የሚል ድምፅ ሲጨመርበት ነው። መጨረሻ ላይ ቸርኬውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ዘይት ከነካው ጉዳዩ የዛሬ ነው፤ ዘይቱ ጎማህንና የኋላ ፍሬንህን ያገኛቸዋል።

ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች ግሪስ ይፈልጋሉ? (ለገጣፎ)

በብዙ ሞተሮች አዎ፣ መጽሐፉ «ደረቅ ይሁን» ካላለ። ጎሚስታ ጋ የኋላ ጎማ ሲወልቅ አጋጣሚውን ተጠቀምበት። አሮጌውን ጥረግና ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ያለበትን ግሪስ ቀጭን አድርገህ ቀባ። ተራ ግሪስ ተፈናጥሮ ይወጣል።

የእኔ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ነው። ይሄ ሁሉ እኔንም ይመለከታል? (ገላን)

አንተንማ ከሁሉም በላይ ይመለከታል፤ ብሎኬትና አሸዋ ጭነህ የምትውል ነህ። ያንተ ሻፍት ከሥር ተጋልጦ ነው የሚዞረው፣ ጭቃውንም በቀጥታ ይቀበላል። ክሮቼራው ላይ የግሪስ መግቢያ ካለው አዲሱ ግሪስ አሮጌውን ገፍቶ እስኪያወጣ ድረስ ፓምፕ አድርግ። በክረምት ደግሞ ይህን አዘውትር። የሻፍቱን ቡሎኖች በቁልፍ ሞክራቸው፣ ንዝረት ያላላቸዋል። የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የማርሽ ቤት) ዘይት ለብቻው ነው፤ ከሞተሩ ዘይት ጋር አብሮ ተቀየረ እንዳትል። ስትነሳ «ቋ» ካለ ክሮቼራው አልቋል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ በዓይን ገምቶ ከሚሰጥህ አጠገብ ለአጠገብ አስተያይተህ ግዛ።

ሻፍት ያለው ሞተር ነዳጅ ስሰጠው ከኋላ ብድግ ይላል። ብልሽት ነው? (ሱሉልታ)

በአሮጌዎቹ ላይ አይደለም፤ የሻፍቱ ግፊት የሚያመጣው ነው። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1987 በጂኤስ ሞተሮቹ ላይ ያንን የሚቀንስ ተጨማሪ ዘንግ አስገብቷል። ድሮ የማይለውን አሁን ማለት ከጀመረ ግን የኋላውን አሞርዛተር (ንዝረት የሚውጠውን) አስፈትሽ።