ከድሬና ከሐረር የደረሱን የራሊ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ራሊ ናቸው፤ መኪኖች በተዘጋ መንገድ ላይ አንድ በአንድ እየተነሡ በሰዓት የሚወዳደሩበት ማለት ነው። ሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከተመለሰ ወዲህ ዓለም የሚያየው ውድድር ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነውና አይገርምም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ አንድ ነገር ፍረድልን። ሻምፒዮናውን የሚመራው ሹፌር ሳፋሪ ላይ ዓርብ ዕለት ሁሌ ወደ ኋላ ይቀራል። ጓደኞቼ «ጫና አይችልም» ይላሉ፤ እኔ ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ማን ነው ልክ?
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ አንተ ነህ ልክ። (ድሬ «አንቱ» ስለማታውቅ እኛም በ«አንተ» እንመልሳለን።) በመጀመሪያው ቀን መኪኖቹ የሚነሡት በሻምፒዮናው ደረጃ ቅደም ተከተል ስለሆነ መሪው ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል። ፒስታ ላይ ቀድሞ መውጣት ደግሞ መጥረጊያ መሆን ነው። መንገዱን የሸፈነው ልል ጠጠርና አሸዋ ከጎማው ሥር ይንከባለልበታል፤ ፍሬን ሲይዝ ይንሸራተታል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ የሚወጣው ግን ተጠርጎ የጠነከረ መስመር ያገኛል። በቀጣዮቹ ቀናት ቅደም ተከተሉ ስለሚገለበጥ ዓርብ የተጎዳው ቅዳሜ ጥቂት ይካሳል።

ዝናብ ከጣለ ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ መኪና ባለፈበት ቁጥር እየቦካ ስለሚሄድ ቀድሞ የወጣው ይጠቀማል። ነፋስ ከሌለም እንዲሁ፤ የፊተኛው አቧራ ሳይበተን ተንጠልጥሎ ይቆይና ኋለኛው በጭፍን ይነዳል። ሳፋሪ በሚካሄድበት ናይቫሻ አካባቢ ኬዶንግ ላይ ያለው «ፌሽፌሽ» የሚባለው እንደ ዱቄት የላመ አፈር ለዚህ የታወቀ ነው። መኪናው እስከ ሆዱ ይሰምጥበታል፣ አየር ማጣሪያውም ይታፈናል። ለዚህ ነው ሳፋሪ ላይ የአየር መሳቢያው ቱቦ በመስታወቱ ጎን ወደ ላይ ወጥቶ የምታየው።

ስለዚህ ሹፌር ስትመዝን ጠቅላላ ደረጃውን ተወውና ከእሱ በፊትና በኋላ ከተነሡት ጋር አወዳድረው። ቀጥሎ ስፕሊቶቹን፣ ማለትም በመንገዱ መሃል መሃል የሚያዙትን ሰዓቶች፣ ተመልከት። በእያንዳንዱ ስፕሊት ሁለት ሁለት ሰከንድ የሚያጣ ሹፌር መንገዱ ወይም የመኪናው ማስተካከያ አልተመቸውም። በአንዱ ስፕሊት ብቻ አንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ሁለት ደቂቃ ያጣው ግን ምናልባት ቆሞ ጎማ ቀይሯል። ቅጣትም አለ፦ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ዘግይቶ ለደረሰ በየደቂቃው 10 ሰከንድ፣ ቀድሞ ለደረሰ ግን በየደቂቃው ሙሉ አንድ ደቂቃ። ብዙ የካፌ ክርክር ይህችን ባለማወቅ የሚነሣ ነው።

«ፈጣን» የሚለው ቃልም ሳፋሪ ላይ ትርጉሙ ይለወጣል። በ2021 ቲየሪ ኑቪል እሑድ ጠዋት የተነሣው እየመራ ነበር፤ የቀኝ የኋላ አሞርቲዘሩ ተሰብሮበት ወጣና ዓርብ ዕለት ከሁለት ደቂቃ በላይ አጥቶ የነበረው ሴባስቲያን ኦዢየ አሸነፈ። ሹፌርን ከሹፌር ማወዳደር ከፈለግህ የ2022ንና የ2023ን ውጤት ያዝ። በሁለቱም ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ቶዮታዎች ስለነበሩ «መኪናው ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ናይቫሻ ሄደን ለማየት እየተዘጋጀን ነው። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ኩርባ ላይ ነው ይሉናል። የት ብንቆም ይሻላል?
*ከሸዋ በር፣ ሐረር*

መልስ፦ መጀመሪያ የማይቆምበትን እንንገራችሁ። የደቻቱን ጎርፍ ያየ ሰው ውሃ ኩርባ ላይ ሲደርስ የሚቦረቡረው ውጭኛውን ዳር መሆኑን ያውቃል። መንገድ የሳተ መኪናም እንደዚያው ነው፤ መንገዱ ቢታጠፍም እሱ በያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያልፋል፤ ልል ጠጠር ላይ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ደግሞ ከ70 እስከ 80 ሜትር ይፈልጋል። አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ያለው ጊዜ የሰከንድ ሲሶ ያህል ነው። ሰው ደንግጦ እግሩን እስኪያነሣ ብቻ አንድ ሰከንድ ያልፋል። «ሲመጣ እንሮጣለን» የሚባል ነገር የለም።

ከውጭኛው ዳር ሌላ የረጅም ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ መኪና ዘሎ የሚያርፍበት ቦታ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ያለው መውጫና ከመንገዱ ዝቅ ያለ ማንኛውም ስፍራ አይቆምባቸውም። ውስጠኛው ጎን ይሻላል እንጂ ሙሉ በሙሉ ደህና አይደለም። ሹፌሮች ኩርባውን ሲያሳጥሩ ድንጋይ ይፈነጥቃሉ፤ ሣር ውስጥ የተደበቀ ቋጥኝ የመቱ እንደሆነም መኪናው ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ከቀጭን ዛፍ ጀርባ መቆም ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ከመቆም አይለይም።

የምትፈልጉት ከመንገዱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ያለ፣ ከጠርዙ ሃያ ሜትር ያህል ገባ ያለ፣ ከጀርባው ገደል ወይም አጥር የሌለው ጉብታ ነው። ሜዳማ ቦታ ከሆነ ይህ ርቀት አይበቃም፤ ብዙ ራቁ። ፎቶውን ሌንሱ ያቅርበው። አረንጓዴ ሪባን የታሰረበት ቦታ ለተመልካች የተፈቀደ ነው፣ ቀዩ ክልክል ነው። ቀዩን ተሻግሮ የቆመ ሰው ከመቶ በላይ ቢሆን እንኳ አትከተሉት። በ1986 ፖርቱጋል ውስጥ ሕዝቡ መንገዱ ላይ ቆሞ መኪና ሲመጣ ዞር ይል ነበር። የዣኪም ሳንቶስ ፎርድ አርኤስ200 ሰው ለማትረፍ ሲታጠፍ ስቶ ሦስት ተመልካቾች ሞቱ፣ ከ30 በላይ ቆሰሉ። በዚያው ዓመት ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና ሰርጂዮ ክሬስቶ ከሞቱ በኋላ «ግሩፕ ቢ» የሚባለው የመኪና ምድብ ከ1987 ጀምሮ ከሻምፒዮናው ታገደ።

መንገዱ ከውድድሩ ብዙ ቀድሞ ስለሚዘጋ በጊዜ ድረሱ። ከተወዳዳሪዎቹ በፊት 000፣ 00 እና 0 ቁጥር የለጠፉ የአዘጋጁ መኪኖች ያልፋሉ። ዜሮዋ ካለፈች በኋላ መንገድ አይቋረጥም፤ ውሃ ለመቀበልም ቢሆን። በመኪኖቹ መሃል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ጎማ የፈነዳበት እየተጎተተ ይመጣል፣ የኋለኛው ይደርስበታል። ነፋስ ከጀርባችሁ ከሆነ አቧራው አይደርስባችሁም፣ የሚመጣውን መኪና ድምፅ ግን ዘግይታችሁ ነው የምትሰሙት። የጆሮ ማዳመጫ አውልቁ፤ ጀርባችሁን ለመንገዱ አትስጡ፤ አትቀመጡ። መጨረሻ የሚመጣው ውድድሩን የሚዘጋው መኪና እስኪያልፍም ከቦታችሁ አትውረዱ።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር፦ ያው መንገድ ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ይነዳል። ጠዋት ተቀብሮ የነበረው ድንጋይ ወጥቷል፣ የጎማው ቦይ ጠልቋል፣ መኪኖቹ የሚስቱበት ቦታ ተቀይሯል። ጠዋት ደህና የነበረ ጉብታ ከሰዓትም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እንደገና አይታችሁ ምረጡ።

ናይቫሻ ከፍታዋ ከሐረር ጋር ስለሚቀራረብ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ድሬን የለመደ ጓደኛ ካላችሁ ጋቢ ይያዝ። ሐይቁ ዳር ድንኳን አትትከሉ፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል።

ጥያቄ፦ መኪና ሲገለበጥ ተመልካቹ ግር ብሎ ሄዶ ሲያቃና በቪዲዮ አያለሁ። ይፈቀዳል?
*ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ጥድፊያው ነው ጥፋቱ። መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የሚቀጥለው መኪና ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከመኪናቸው ቢያንስ 50 ሜትር ወደ ኋላ ቀይ ሦስት ማዕዘን ማስቀመጥ አለባቸው፤ ካልቻሉ አንድ ሰው በዳሩ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይሂድና እጁን እያውለበለበ ያስጠንቅቅ። መንገዱ መሃል አይቁም። ቀጥሎ የሚያሳዩትን ሰሌዳ እዩ። አረንጓዴ «ኦኬ» ከሆነ ደህና ናቸው፤ ቀይ «ኤስኦኤስ» ከሆነ ወይም ምንም ካላሳዩ ሐኪም ያስፈልጋል ማለት ነውና ቅርብ ላለው የመንገድ ተቆጣጣሪ ንገሩ። የተጎዳን ሰው ከወንበሩ ጎትቶ ማውጣትም ሆነ ሄልሜቱን ማውለቅ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም የተጎዳ አንገት የሚብሰው ሲንቀሳቀስ ነው። እሳት ከተነሣ ብቻ ነገሩ ይለያል።

ደህና ሆነው «አግዙን» ካሉ አግዙ። ነገር ግን በቁልቁለቱ በኩል ማንም አይቁም፤ መኪናው ሲቃና የሚንከባለለው ወደዚያ ነው። የጭስ ማውጫውንና የፍሬን ዲስኩን አትንኩ፣ ከባድ ቃጠሎ ይተዋል። ነዳጅ ከሸተተ ሲጋራም ስልክም ወደዚያ አታስጠጉ። ከ2022 እስከ 2024 የነበሩት የላይኛው ምድብ መኪኖች በከፊል በኤሌክትሪክ ይሠሩ ስለነበር አረንጓዴ መብራት ካላሳዩ መንካት አይፈቀድም ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ያ ክፍል ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ደንገጎ ላይ እሑድ ጠዋት ትራፊክ ሳይበዛ ሰዓት እየያዝን ብንነዳስ? ኩርባው እንደ ሞንቴካርሎ ነው።
*ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ አይሆንም። ኩርባው ያምራል፣ እሱን አንክድም። ነገር ግን ድሬን ከሐረር የሚያገናኘው ዋና መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ተራራ፤ ጭነት የያዘች አህያ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ሥራዋን የምትሄድ እናት። «ትራፊክ ሳይበዛ» ማለት ከኩርባው ወዲያ ያለውን አላየሁም ማለት ነው።

በሕጉ የሚካሄድ ውድድር ምን እንደሚጠይቅ እዩት። መንገዱ በፈቃድ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ የእግር መንገዱና የቤቱ በር ሁሉ ሰው ይቆምበታል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ግድም ሬዲዮ ያለው ጣቢያ ይኖራል፤ አምቡላንስ፣ ሐኪምና እሳት አጥፊ መነሻው ላይ ይቆማሉ፤ ርቀቱ ከ15 ኪሎ ሜትር ካለፈ መሃል ላይም ይጨመራል።

እጃችሁን ማፍታታት ከፈለጋችሁ አጥር ያለው ሰፊ ሜዳ በፈቃድ ያዙና በኮን ስላሎም ሥሩ፤ በኮኖች መሃል እየተጠማዘዙ መንዳት ማለት ነው። በኮኖቹ መሃል 15 ሜትር ይበቃል፤ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አያስፈልግም። ተመልካቹን በሙሉ በመነሻው ጀርባ አድርጉት፤ በጎንና በመጨረሻው በኩል ማንም አይኑር። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መኪና አይነዳ። ኮን የነካ 5 ሰከንድ ይቀጣ፣ ያኔ ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም።

ጥያቄ፦ የጀጎል ታክሲ ሹፌር ነኝ። ፔጆ 404 ሳፋሪን አሸንፋለች ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?
*ከሐረር*

መልስ፦ እውነት ነው፣ ያውም አራት ጊዜ፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች ሰባት ብቻ ነበሩ የጨረሱት። በ1968ም የጨረሱት ሰባት ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ከፊት የነበረችው እርሷ ነች። ጉልበቷ ብዙ አልነበረም። የኋላ እግሯ በባሊስትራ ፈንታ ሞላ ስላለው ጉድጓዱን ትውጠዋለች፣ ሞተሯም በመንገድ ላይ በቀላል መሣሪያ ይጠገናል። እርስዎ ጋ ያለችው የድሮዋ ከሆነች አራቱም እግሮቿ ታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው፤ ታምቡር ሲግል ደግሞ አይይዝም። ደንገጎን ወደ ድሬ ሲወርዱ ከላይ ገና ሳይጀምሩ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ ይያዘው፤ ፔዳሉን ጫን አድርገው ይልቀቁ እንጂ ረግጠው አይውረዱ።